ለወንድምጋሼ የተነፋው ጥሩምባ

በዚያን ጊዜ ጎባ ውስጥ ድኻ ለመሆን ወረቀት ያስፈልግ ነበር። እየቀለድኩ አይደለም። የሰውየው ጫማ አፉን ቢከፍት፣ ጣሪያው ኮከብ ቢያስቆጥር፣ ቀበሌው «ይህ ሰው መክፈል ስለማይችል በነፃ ይታከም» ብሎ ጽፎ ክቡን ማኅተም ካላሳረፈበት ድኻ ነኝ ቢል ማን ይሰማዋል? ወረቀቱን የያዘ አልጋ ያገኛል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል። ያልያዘ ይከፍላል። መክፈል የማይችል ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ተማርኩት። ስኳሩን ጣሳ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን አነብ ነበር። ብዙ ጊዜ ወሬው ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ መጨረሻውን ራሴ እጨርሰዋለሁ። ተረት መውደዴ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የምተዳደረው ሹራብ እየሠራሁ ነበር፤ የጎባ ብርድ ለሹራብ ሠራተኛ እናት ነው። እጅ ጽሑፌ እያማረ ሲመጣ ግን የሰፈሩ ሴቶች ማመልከቻ ሲያሻቸው ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ለስንቱ ነፃ ሕክምና ጻፍኩ፤ ለአስም፣ ለወገብ፣ ለመንታ እርግዝና። ለገዛ ወንድሜ ግን አልሆን አለኝ።

ወንድምጋሼ አናጢ ነበር። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ጓሮው ውስጥ ቆርቆሮ ከልሎ ይሠራል። የሰፈሩ በርና መስኮት፣ የእድራችን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር የእሱ እጅ ነው። አረቄውን የጀመረው እንደ ሰው ሁሉ ነው፤ ጭጋጉ ከላይ ከተራራው ወርዶ ጣውላው ላይ ውርጭ ሲሠራ፣ ብርዱን ለመስበር በጠዋት አንዲት መለኪያ። ከዚያ ብርድ በሌለበትም። ከዚያ ያለ እሷ እጁ አልታዘዝ አለ። ሚስማር በሁለት ጣቱ ይይዝና ጣቶቹ ሲንቀጠቀጡ ዙሪያውን ያያል፣ ማን አየኝ ብሎ። እኔ ሁልጊዜ ሹራቤ ላይ ያቀረቀርኩ እመስል ነበር።

አረቄውን የሚቀዳው ከአጥራችን ጀርባ ከነበረችው ሴትዮ ነው። በትውልዷ የሲናና ሰው ናት፤ ገብሱን ከዚያው ከዘመዶቿ እያስመጣች ታወጣ ነበር። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ የምትጨርስ ሴት ናት። ባሏ ሞቶ አምስት ልጆቿን በአረቄ በርሜሏ ነው ያሳደገችው። አንድ ቀን በሯ ላይ ቆሜ «የወንድሜን ደም በመለኪያ የምትሸጪ!» አልኳት። ከዚያ ወዲህ እሱን ቤቷ አላስገባ ማለቷን ሰማሁ፤ እሱ ሌላ ቤት አገኘ፣ እኔም ኩርፊያዬን አልተውኩም። ቦኖ ላይ ስንገናኝ ውሃው ሞልቶ እስኪፈስ ወደ ሌላ እያየሁ ነበር የምቀዳው።

ሁዳዴ ሲገባ ወንድምጋሼ ተሳለ። «ከእንግዲህ በቃኝ» ብሎ ጠርሙሱን ራሱ ደፋው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በሦስተኛው ቀን ጣውላ እየላገ ሳለ ወደቀ፤ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ጥርሱ ገጠመ፣ እግሩ መሬቱን ይደበድብ ጀመር። ሰው «ለከፈው» አለ። እኔ ነፍሱ ሲመለስ በጋሪ አድርጌ ወደ ሕክምና ወሰድኩት።

ያየን ድሬሰር የሚባለው የሐኪም ረዳት ነው፤ ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም አይከለክለንም። ዓይኑን ገልጦ አየ፣ እጁን አስዘረጋው፣ ስንት ዓመት እንደጠጣ ጠየቀ። ከዚያ ለእኔ ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦

«ፈረስ ታውቂያለሽ? ለዓመታት ልጓሙን ጥርቅም አድርገሽ የያዝሽውን ፈረስ በድንገት ብትለቂው ምን ይሆናል?»

«ይፈረጥጣል።»

«የእሱም ጭንቅላት እንደዚያ ነው የሆነው። መጠጡ በሽታ ሆኖበታል። ማቆሙ ደግ፤ ግን ቤት ውስጥ ብቻውን በድንገት ካቆመ፣ በሚቀጥለው መንፈራገጥ ላይነሳ ይችላል። አልጋ ይዞ፣ በመድኃኒት ቀስ እያልን እናወርደዋለን። የነፃ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ።»

ሰው በሽታ ብሎ ሲጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው «ባለጌ» የሚለውን ነበር።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበራችን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ለስንቱ ድኻ በፊርማው አልጋ አሰጥቷል። አንድ ነገር ላይ ግን ድንጋይ ነበር። ከላይ የታዘዘ መመሪያ አልነበረም፤ የራሱ ቃል ነው።

«ምን ሆነ ወንድምሽ?»

«ያንቀጠቅጠዋል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ወድቆ ነበር።»

«ምን ጠጥቶ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አየሁ።

«ጓዲት፣ ጠጣ ብሎ ያዘዘው አለ? በገዛ እጁ ለታመመ ሰው የሕዝብ መድኃኒት አይሰጥም። ለሚጥል በሽታ ብትይኝ ኖሮ እፈርም ነበር።»

«ታዲያ ይጥለዋል አላልኩዎትም?»

«አረቄ ነው የሚጥለው!» አለና ማኅተሙን ወደ መሳቢያው መለሰው።

መጋዙንና መላጊያውን እንሸጥ አልኩት ወንድሜን። «መሣሪያዬ ከሄደ የምድነው ለምኔ ነው?» አለኝ። አመሻሹ ላይ ወጥቶ ጠጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሲጠጣ እፎይ አልኩ። ቢያንስ አይወድቅም።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አረቄ አውጪዋ ናት።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» አለች። «እንደማታናግሪኝ አውቃለሁ። አታናግሪኝ፣ ስሚኝ ብቻ።»

ቆሜ ሰማኋት። ሊቀመንበሩ ወረቀት የከለከለው እኔን ብቻ እንዳልሆነ ነገረችኝ። እሷ ታውቃለች፤ ማን ማን እንደሚጠጣ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ሚስት ማታ ማታ በጓሮ በር እየመጣች «እባክሽ አትሽጪለት» እንደምትል ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሁሉም ቤት ችግሩን የራሱ ብቻ አድርጎ ደብቆታል አለችኝ።

«አንቺ ጽሑፍ ታውቂያለሽ፣ እኔ ቤቶቹን አውቃለሁ» አለች። «ማመልከቻ እንጻፍ። ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁሉም።»

አላስቻለኝም። «ምን አገባሽ አንቺን? ገበያሽ እንዳይቀንስ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ ሆዷን ሁሉ ያንቀሳቅሰዋል። «በመጨረሻ አናገርሽኝ! ስሚ እህቴ። እኔ አረቄውን ባልተው ልጆቼ ይበላሉ። ብተው ደግሞ ሌላ ሰው ያወጣዋል። ያወጣሁትን መመለስ አልችልም። የታመመውን መሸከም ግን እችላለሁ።»

ቤት ለቤት ሄድን። እሷ ፊት ለፊት፣ እኔ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዤ ከኋላ። እንዴት እንደምትገባ ባያችሁ! «ስለ ባልሽ መጠጥ ልናወራ መጣን» አትልም። መጀመሪያ ስለ ድንቹ ውርጭ፣ ቀጥሎ ስለ ጎረቤት ላም፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ባለፈው ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመታ እንዴ?» ትላለች። ሴትዮዋ ታለቅሳለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ትሰጠናለች። እንደዚያ ብልህ ጠያቂ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ በር ዘጋብን። «አቃጣይዋ እሳት አጥፊ ሆነች» ያሉም ነበሩ፤ እሷ ቃሉን ወደደችውና ሳምንቱን ሙሉ ስትስቅበት ከረመች።

ማመልከቻውን በንጹሕ ጻፍኩ፣ ሊቀመንበሩ ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እዚያው ቀረ። በወሩ መጨረሻ እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚባለው ሲደርስ አረቄ አውጪዋ እጇን አወጣች።

«ማመልከቻችን መልስ አላገኘም» አለች።

«ጓዶች!» አለ ሊቀመንበሩ ወደ አዳራሹ ዞሮ፣ «የዛሬን ጉድ ስሙ፤ አረቄ ነጋዴ ለሰካራም ጠበቃ ቆመች!»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች፣ ስታይ አያልቅም፣ ተቀመጠች። የኋላው አግዳሚ ላይ ወንድምጋሼ ነበር። ሲወጣ አየሁት።

ማታውኑ «ከእንግዲህ በእኔ ምክንያት የሰው መሳቂያ አትሆኑም። ራሴ አቆማለሁ» አለኝ። የድሬሰሩን ቃል አስታወስኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ፣ አልሰማ አለ። ኩሩ ነው። ሁለት ቀን ላቡ እየተንቆረቆረ ተኛ። በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጀመረው። እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ረጅም ነው፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም።

አሁን የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ መሆኑን ማወቅ አለባችሁ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ዘገየ ተብሎ በአንድ ለቅሶ ላይ ተወቅሶ ስለነበር ጥሩምባውን ትራስጌው አድርጎ ነበር የሚተኛው። ጩኸቴን ሰማ፣ ነጠላውን እንኳ ሳያጣፋ ወጣ። በጭጋጉ ውስጥ ጥሩምባው ሲነፋ፣ ከዚያ ድምፁ፦ «አናጢው አርፏልና እድርተኛ ውጣ! አናጢው አርፏል!»

እኔ ውስጥ ሆኜ ራሱን ይዣለሁ፤ አልሰማሁም። አረቄ አውጪዋ አጥር ጥሳ ገብታ ነበር፤ እሷ ናት ወደ ጎኑ ያገላበጠችው፣ አፉን የጠረገችው። «ይተነፍሳል! ይተነፍሳል እኮ!» ትላለች። በዚህ መሃል ደጅ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፤ ወንድምጋሼ ራሱ የላጋቸው አግዳሚዎች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ ወደ ቤት ገቡ፣ «ወይኔ እጀ ወርቁ!» እያሉ። አንዷ ደረቷን እየመታች እግሩ ሥር ተደፋች።

ወንድምጋሼ ዓይኑን ገለጠ። ዙሪያውን አየ።

«ማን ሞተ?» አለ።

ያቺ እግሩ ሥር ያለችው ሴት እንባዋን ሳትጠርግ «አንተ!» አለችው። «አንተ ነሃ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ አቅም የለኝም። ያለቀሰው ሳቀ፣ የሳቀው አለቀሰ። ጥሩምባ ነፊው በንዴት ይከራከራል፦ «እኔ ጩኸት ሰማሁ፤ ጩኸት ከተሰማ ጥሩምባ ነው። ገብተህ ትንፋሽ ለካ የሚል ደንብ የት አለ?» ወንዶቹ እየሳቁ የድንኳኑን ካስማ ሊነቅሉ ተነሡ።

«አትንኩት!»

አረቄ አውጪዋ ናት። ከቤት ወጥታ ድንኳኑ መሃል ቆማለች። ሊቀመንበሩም እንደማንኛውም እድርተኛ እንዳይቀጣ በጠዋት መጥቶ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

«አባባ» አለች ወደ እድሩ ዳኛ ዞራ። የእድራችን ዳኛ በእርጅና የጎበጡ ሽማግሌ ናቸው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እድርተኛ ሲሞት፣ በምን ሞተ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?»

«በምን ብንል ምን ይረባናል ልጄ? እንቀብራለን።»

«ጠጥቶ ቢሞትስ?»

«ዋቃዮ፣ አምላኬ! ያም ይቀበራል።»

«አያችሁ» አለች። «ለሬሳው ሁላችሁም ሥራ ትታችሁ ወጣችሁ። ምን ጠጣ ያለ የለም። በቀደም ግን ነፍስ እያለው ወረቀት ሲለምን ምን ጠጣ ተባለ። ሰውን ለመቅበር የማንጠይቀውን ለማዳን ለምን እንጠይቃለን? እኔ ነኝ የሸጥኩለት። እዚሁ ሁላችሁም ፊት እናገራለሁ፣ እኔ ነኝ። የምሸጠው በዚህ ቀበሌ ፈቃድ ነው፣ ፈቃዴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፣ ማኅተም አለበት። ጓድ ሊቀመንበር፣ ሌላ ማኅተም አለዎት እንዴ? እንዲሸጥለት የሚያርፈውና እንዲታከም የሚያርፈው አንድ ማኅተም አይደለም?»

ማንም አልሳቀም።

ሊቀመንበሩ ተነሣ። «ያለ ፈቃድ ስብሰባ ማድረግ ክልክል መሆኑን ታውቃላችሁ።»

«ስብሰባ አይደለም ጓድ» አሉ ዳኛው። «ለቅሶ ነው።»

«ሟቹ በር ላይ ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ነው እኮ!»

«ድንኳኑ እስካልተነሣ ለቅሶ ነው። ታኣ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጠም። ወደ እኔ መጥቶ በጆሮዬ «ለወንድምሽ አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ። ይህን ሕዝብ በትኚልኝ» አለኝ።

እዚህ ላይ ራሴን ደግ አድርጌ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን ቃሉን ሳይጨርስ ነው «እሺ» ያልኩት። እነዚያን አውራ ጣቶች ሁሉ ረሳኋቸው። የታየኝ የወንድሜ የጠቆረ ፊት ብቻ ነበር። አረቄ አውጪዋ ሰምታ ኖሮ ቀና ብዬ ሳያት ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ውሰጂው» አለችኝ። «ውሰጂና ሩጪ፣ እሱ አይጠብቅም። እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ሰው አይደለም። እዚሁ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ከኪሱ ብዕርና ማኅተም አውጥቶ የጻፈልኝን፣ ቀለሙ ያልደረቀ ወረቀት ይዤ ወንድምጋሼን በጋሪ ጫንኩት። የቀረውን ያየሁት በሌሎች ዓይን ነው። እሷ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች አሉ፣ ማንም ካስማ አልነቀለም። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ እስኪሞቅ ተቀመጡ። ከዚያ አንዲት ሴት ተነሥታ «የኔም ባል» አለች። ሌላዋ «የኔም ወንድም።» በር የዘጉብን ሳይቀሩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ልጃቸው ባለፈው ክረምት ሲሞት ሰው ሁሉ ሳንባ ነው ብሎ እንደቀበረው፣ ሳንባ እንዳልነበረ፣ ወረቀት እንዳይከለከሉ ፈርተው ጭራሽ ሳይጠይቁ እንደቀሩ ተናገሩ። ሊቀመንበሩ የዚያን ልጅ ቃሬዛ ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ተመልሶ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና፣

«ድሬሰሩ ታመመ ካለ ታመመ ነው» አለ። «ምን አሳመመው ብዬ አልጠይቅም።»

ቃሉንም ጠበቀ። ከፍ ያለ ሥልጣን ይዞ ሕዝብ ፊት ቃሉን መዋጥ ቀላል አይደለም፤ እኔ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ወንድምጋሼ ከአልጋ ሲወርድ ከስቶ፣ ዓይኑ ግን ጠርቶ ነበር። አንዴ ድኖ ቀረ ብዬ አልዋሻችሁም። በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ ጠጣ፣ ተመልሶ ገባ፤ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ሲፈርም «ሁለተኛ ጊዜው ነው?» ብሎ ቀና አለና፣ መልሴን ሳይጠብቅ ማኅተሙን አሳረፈው። ከሁለተኛው በኋላ መጠጡ ቀረለት። ሰፈሩ «ሟቹ» የሚል ስም አወጣለት፤ «ሟቹ፣ በሬን መቼ ትጨርስልኛለህ?» ይሉታል። ጥሩምባ ነፊውም ከዚያ ወዲህ ቤት ገብቶ እግር ሳይነካ ነፍቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጬ ሹራብ እየሠራሁ፣ ወንድምጋሼ ሚስማር በሁለት ጣቱ ይዞ ጣውላ ላይ ሲያቆም አየሁ። ጣቶቹ ዝም አሉ። መታው። ዙሪያውን አላየም። እኔ ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ አረቄ አውጪዋ ቆማ እያየችው ነው። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ አንድም ቀን ወደ ግቢያችን ገብታ አታውቅም ነበር፤ ሰላም የምትለን ከማዶ እየጮኸች ነው። ተቀይማን ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜያለሁ።

«ነይ ግቢ እንጂ እትዬ!» አልኳት።

እጇን አወዛወዘች። «ልብሴ አረቄ አረቄ ይሸታል» አለች፣ ድምጿን በተቻላት ዝቅ አድርጋ። «ይሸተዋል። እዚህ ይበቃኛል።»

ስንት ወር ሙሉ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ እያየች ነበር የምትቆመው። እኔ በሯ ላይ ቆሜ የተናገርኳት ትዝ አለኝ። ሹራቡን ከነኪሮሹ ጉልበቴ ላይ ተውኩት፣ ተነሣሁና መንገዱን ተሻገርኩ።